ጎመን የቀደመበት ጊፋታ

እናቴ የታመመችው እኔ ስላሳረፍኳት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሶዶ ከተማ የሳይንስ መምህርት ነበርኩ። ትምህርት በወላይትኛ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የምግብን መፈጨትና የደምን ዝውውር በገዛ ቋንቋዬ ሳስረዳ ደረቴን የሚነፋኝ ዓይነት ሴት ነኝ። ደሞዜ ደሞዝ ሲመስል፣ ቤቴም የራሴ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግኩት እናቴን ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ማምጣት ነበር። አባቴ ሞቷል፤ ታናሽ ወንድሜ ከነሚስቱ እዚያው ግቢ ስለሚኖር መሬቱም ከብቱም ጠባቂ አላቸው። እናቴ ግን ዕድሜ ልኳን እንሰት ስትፍቅ፣ ፍግ በቅርጫት ተሸክማ ጓሮ ስትበትን፣ ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። "ይበቃታል፣ ትረፍ" አልኩ። የወለደ ሰው በልጁ ቤት ካላረፈ የት ያርፋል?

እናም አሳረፍኳት። ሶፋ ላይ አስቀመጥኳት። ውሃ እንኳ ራሷ እንድትቀዳ አልፈቅድም፤ ብድግ ካለች "ተቀመጪ እማዬ" ነው። ጠዋት ነጭ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ቀን መኮሮኒ ወይ ሩዝ፣ እንግዳ ሲመጣ ለክብሯ ለስላሳ ይከፈትላታል። እሷ መጀመሪያ ላይ ጓሮዬን በመስኮት እያየች "ይህን መሬት እንዲህ ባዶውን ትተሽው ታድሪያለሽ?" ትለኝ ነበር፤ በኋላ ዝም አለች። ጉንጯ ሞላ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች "እናቷን እንደ ሙሽራ ነው የያዘቻት" ሲሉኝ እኔም በወፈረችው ልክ ኮራሁ። ያን ኩራት እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ውሃ ጥም ያዛት። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ትነሳለች። እግሬን ጉንዳን ይወረኛል ትላለች። ከዚያ ደግሞ ያ የሞላ ጉንጭ መጉደል ጀመረ። እኔ፣ ለስንቱ ተማሪ የምግብ መፈጨትን የማስተምረው ሴት፣ ምን አልኩ? "መንደሯ ናፍቋት ነው፤ ሻይዋን አጣፍጡላት" አልኩ። ሦስቱን ማንኪያ አራት አደረግኩት።

ባለቤቴ ነው "ይቺ ሴትዮ ትመርመር" ብሎ የተቆጣኝ። በሚኒባስ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የቀረውን መንገድ በእግር ስንሄድ ሦስት ቦታ ተቀመጠች። ድሮ እሷ ስትራመድ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ደሟንና ሽንቷን አስመርምሮ ስኳር ነው አለ። ቀጥሎ እኔን ሳይሆን እሷን ጠየቃት።

"እናቴ፣ ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?"

"ምንም" አለች። "ልጄ አሳርፋኛለች።"

ወለሉን አየሁ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ አላሳፈረኝም። ኪኒኑን አዘዘ፤ ምግቡ በልክ ይሁን፣ ጣፋጩ ይቅር፣ ቅጠላ ቅጠሉ ይብዛ፣ ቅቤው ይቀነስ አለ። "ደግሞ ሰውነትዎ የበሉትን ይሥራበት፤ በየቀኑ ይራመዱ" አላት። እናቴ ይህን ሰምታ በጣም ገረማት። ሥራ መድኃኒት መሆኑን ካወቀ ሰው ጋር ስትገናኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሳራፊነት ወደ ወታደርነት ተሸጋገርኩ። መሀል ቤት አላውቅም፤ ጠባዬ ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ በሦስት ቀለም ጻፍኩ፦ በአረንጓዴ የሚበላ፣ በቢጫ በልክ የሚበላ፣ በቀይ የተከለከለ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቀለሙን ግን ለየችው። የስኳሩን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ቁልፉ ደረቴ ላይ ይንቃጨላል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ካርቶኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቅላዋለች።

"ምነው?" አልኳት።

"አላርፍም ስል አሳረፍሽኝ፤ ልብላ ስል ቆለፍሽብኝ" አለች። "እኔ መች ነው እናትሽ የምሆነው?"

ጮህኩባት። መልስ የሌለው መምህር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነሐሴ ተጋመሰ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በመስከረም ይገባል። ስለ መንደራችን ልማድ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ሌላው መንደር እንዴት እንደሚያደርግ አላውቅም። በእኛ መንደር አሥራ አንድ ቤቶች ጊፋታን በጋራ ይውሉታል። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ከቤት ቤት ይዞራል፤ በየቤቱ ትልቋ በርጩማ ትቀርብለታለች፤ እሱ ሳይቀምስና ሳይመርቅ አባወራም ሆነ ሕፃን እጁን ወደ ምግብ አይሰድም። የልደት ወረቀት ማንም የለውም፤ የዕድሜ ክርክር የሚፈታው "ማን ማንን አዝሎ ነበር?" በሚል ጥያቄ ነው። ያዘለ ይበልጣል፤ የታዘለ ያንሳል፤ በቃ።

እናቴ ልጅ ሆኜ "ከእኔ በፊት ስድስት አሉ" ትለኝ ነበር። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። ሰው እንዲሞትባት አትመኝም፤ ግን ትቆጥራለች። የመጨረሻው ሽማግሌ ያን ዓመት በፋሲካ ሰሞን አረፉ። ለቅሷቸው ላይ እናቴ ከልቧ አለቀሰች፤ ስንመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዋን እያስተካከለች "እሳቸው እኔን አዝለውኛል፤ እኔ ደግሞ የቀሩትን ሁሉ አዝያለሁ" አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው በርጩማ ዘንድሮ የሷ ነው።

"አትሄጂም" አልኳት።

አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ ጉርሻ። የጊፋታ ጉርሻ ደግሞ ጉርሻ ብቻ አይደለም። ሴቶቻችን ከበጋ ጀምረው በማንኪያ በማንኪያ ያጠራቀሙት ቅቤ የሚፈስበት ሙቹዋ ነው፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤ ጠጥቶ የጠገበ። ከሱ በኋላ ሥጋው በዳጣ ይቀርባል፤ ያ አረንጓዴ የሚያቃጥል የቃሪያ ድቁስ። ይህን ሁሉ በአሥራ አንድ አባዝቼ አስረዳኋት። አላባዛችውም። በጊፋታ ዋዜማ ከትምህርት ቤት ስብሰባ ስመለስ ቤት የለችም።

መናኸሪያ አገኘኋት። የጉኑኖ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጣለች። ኪኒኗን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች።

"ውረጂ እማዬ።"

"ወይ ግቢ፣ ወይ በሩን ዝጊልኝ" አለች፤ "ብርድ ይገባል።"

ሹፌሩ ሳቁን ዋጠ። ገባሁ። ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዝኩም።

የጊፋታ ዕለት ጠዋት ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ምርኩዟን ያዘች። እኔ ከኋላዋ እንደ ፖሊስ ተከተልኩ። የመጀመሪያው ቤት የወንድሜ ነው፤ የራሳችን ስለሆነ በጥፍር ጫፍ ቀምሳ አለፈች። ሁለተኛው ጎረቤታችን የሆነች፣ እናቴ ያዘለቻት፣ የአንዲት ደግ ሴት ቤት ነው። በርጩማዋ ቀረበች። ሃያ የሚሆን ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ሴትየዋ ሙቹዋውን ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ አላስቻለኝም፤ ከኋላ ሆኜ ጮህኩ፦

"እናቴ ስኳር በሽታ አለባት! ቅቤ ተከልክላለች!"

ሴትየዋ ደነገጠች። እጇን መለሰች። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ወይኔ! ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሳችው!" አለችና ወደ ጓዳ ጮኸች፤ "ቅቤውን አምጡ! ጨምሩላት!"

ስህተቴ ገባኝ። በእኛ አገር የታመመ ሰው የሚድነው በቅቤ ነው። አራስ በቅቤ ትታረሳለች፤ እግሩ የተሰበረ ቅቤ ይጠጣል፤ ወባ የጣለው ሲነሳ ቅቤ ይሰጠዋል። እኔ "ታማለች" ባልኩ ቁጥር የሚጨመረው ያው ቅቤ ነው። ድስቱ መጣ፤ ሙቹዋው ላይ ቅቤው ሲፈስ ጠርዙን አልፎ በሴትየዋ ክንድ ወረደ። ያን ቅቤ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ እንዳጠራቀመችው ሁሉም ያውቃል። እናቴ እምቢ ብትል ቤቱን ማዋረድ ነው። ከበላች ደግሞ ገና ዘጠኝ ቤት ይቀራል፤ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል፤ በየቤቱ ለበሽተኛዋ እጥፍ ቅቤ ይጠብቃል። እንባዬ መጣ። በገዛ አፌ ልገድላት ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። አፏን ለጉርሻው አልከፈተችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ሴትየዋን ቀና ብላ አየቻት።

"ዛሬ ቀድሞ የሚቀምሰው ማነው?"

"አንቺ ነሽ እንጂ።"

"ያለፉት ሽማግሌ ሙቹዋ ይወዱ ነበር፤ ሙቹዋ ቀደመ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ጥርስ አልነበራቸውም፤ መረቅ ቀደመ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔ የምወደው ጎመን ነው። ጎመን ይምጣልኝ።"

ጎመን! ጎመን እኮ የሐምሌ ምግብ ነው፤ ጎተራ ሲጎድል፣ ሰው ደጁን ዘግቶ የሚበላው። በጊፋታ ቀን ጎመን ማቅረብ ችግርን አደባባይ ማውጣት ነው። አባወራው ጉሮሮውን ጠረገ።

"በጊፋታ ጎመን? ጎረቤት ምን ይለናል?"

"ጎረቤት እኔ እስክቀምስ ምንም አይልም" አለች እናቴ፤ "አፉ ባዶ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ያቺው ሴትዮ ናት። ቅቤ የወረደበት ክንዷን እየጠረገች ወደ ጓሮ ሮጠች። ጎመኑ እስኪቀነጠስ፣ እስኪታጠብ፣ በጨው እስኪቀቀል የሥጋው ሽታ ሁላችንንም ገደለን። እናቴ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጠበቀች። ሲመጣ ጎመኑን በዳጣ ነካ እያደረገች ሳህኑን ሙሉ በላች። ከዚያ ከሙቹዋው የአውራ ጣቷን ጥፍር የምታህል ቆርሳ ቀመሰች፤ "ቅቤሽ ንጹሕ ነው፤ እጅሽ ይባረክ" አለቻት። መረቀች። "ዮዮ ጊፋታ! ብሉ!" ብላ በዓሉን ከፈተች። ሃያ ሰው እጁን ሰደደ። እሷ ተነስታ ወደ ሦስተኛው ቤት መንገድ ጀመረች።

አጥር ለአጥር ወሬው ቀደመን። አራተኛው ቤት ስንደርስ ጎመኑ እየታጠበ ነው፤ ስድስተኛው ቤት ድስቱ ተጥዷል። ያስቸገረን ስምንተኛው ቤት ነው። እዚያ ያለው አባወራ የመንደሩ ሀብታም፣ አንገቱ ከትከሻው የገጠመ ሰው ነው፤ ለብቻው ሰንጋ ጥሏል።

"እኔ ቤት ጎመን አይገባም" አለ። "ድሃ መስዬ ነው እንዴ?"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለችና በርጩማዋ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ጠበቀች። ሰንጋው ተንጠልጥሏል፤ ቢላዋው ተስሏል፤ እንግዶቹ አንዴ ሥጋውን አንዴ ሰውየውን ያያሉ። የገዛ አማቱ "ኧረ ተው፣ ቅጠል ነው፣ አይገድልህም" አሉት። በመጨረሻ ራሱ ጓሮ ገብቶ ቆርጦ አመጣ፤ ከነአፈሩ። እናቴ "ታጥቦ ይሁን" አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

እኔ በር ላይ ቆሜ አንገቴ ቀጥ ብሎ ነበር። እንዲህ ዓይነት ኩራት ከዚያ በፊት አላውቅም። በሦስት ቀለም ጽፌ፣ ቆልፌ፣ ጮኼ ያላገኘሁትን ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት አፏን በመዝጋት ብቻ አገኘችው። ልማዱን አልጣሰችም፤ የማንንም ቅቤ አላዋረደችም፤ በርጩማዋንም አልለቀቀችም። ወደ ወንድሜ ቤት ስንመለስ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። "ምን ላደርገው ነው?" ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ሶዶ ለእንግድነት እንጂ ለመኖር አልመጣችም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እኔ እሄድባታለሁ። ኪኒኗን እንደ ጸሎቷ አታስተጓጉልም። ጠዋት ጎመን፤ ቆጮው ስስ ሆኖ፤ ቦዬ የሚባለው የሥራ ሥር ምግብ ሲደርስ ጭብጥ የምታህል አንዲት፤ ሻይ ያለ ስኳር። እንሰቱን እንደገና መፋቅ ጀመረች፤ ፍጉን በትንሽ ቅርጫት ታመላልሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። ጎመን ስኳርን አዳነ የሚል ካለ ከእኔ አልሰማም። አንድ ዓመት እግሯ ቆስሎ ሁለት ወር አስጨንቆናል፤ ስኳሯ የወጣበትም ጊዜ አለ። በሽታው አብሯት ኖረ፤ እሷም ኖረች። ዱቦ ለክትትል ስንሄድ ያ ሐኪም "ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?" ብሎ በጠየቀ ቁጥር ጣቶቿን እየቆጠረች መልሷን ስትጨርስ ወረፋው ከኋላችን ያጉረመርማል።

አሥራ ሰባት ጊፋታ ቀመሰች። ከኋላዋ ከተሰለፉት፣ ካዘለቻቸው፣ ስንቱን ቀበረች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንደራችን ስትመደብ ቅጠላ ቅጠል ስለመመገብ ለማስተማር ሴቶቹን ሰበሰበች፤ ያቺ ደግ ጎረቤታችን እጇን አውጥታ "እኛ ዘመን የምንለውጠው በጎመን ነው" አለቻት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ነበር።

ስምንተኛው ቤት ያለውም ሰውዬ አንድ ቀን ሶዶ ቤቴ ድረስ መጣ። ከኪሱ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አወጣ። ዓይኑን አያሳየኝም።

"እናትሽ" አለ፣ "ከሙቹዋው ስንት ነበር የምትቀምሰው?"

የአውራ ጣቴን ጥፍር አሳየሁት። "ጎመን በጤና" አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ያን የድሮ ካርቶን ከጓዳ አውጥቼ ሰጠሁት። ማንበብ ይችላል።

እኔ አሁን ጡረታዬን እየጠበቅኩ ነው። ከተማ ብኖርም ተወላጅ ነኝና ተራ አለኝ፤ ከእኔ በፊት ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ስኳሬን እለካለሁ፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ባጃጅ አልይዝም። ጓሮዬም ከዳር እስከ ዳር ጎመን ነው።

የመጨረሻ ጊፋታዋን ልንገር። በዚያ ዓመት ጉልበቷ ከቤት ቤት አላስኬዳትም፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም ጊፋታ አላየችም። የወንድሜ ደጅ ላይ በርጩማዋ ወጣች። እሷ ወደ ቤቶቹ መሄድ ስላልቻለች ቤቶቹ ወደ እሷ መጡ፤ እያንዳንዱ ቤት በአንድ እጅ ጎመን፣ በሌላው ሙቹዋ ይዞ። የስምንተኛው ቤት ሰውዬ ሰንጋ አንገቱ ሟሽሾ የራሱን ሳህን ራሱ ተሸክሞ መጣ፤ ጎመኑ ታጥቧል። ከሁሉም ጎመን ቀመሰች። የመጨረሻው ሳህን ላይ ስትደርስ እጇን አጥፋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ "ብሉ" እስክትል ይጠብቃል። እሷ እኔን ጠራችኝ።

"አጉርሺኝ" አለች።

ጎመኑን አነሳሁ። ራሷን ነቀነቀች። በአገጯ ሙቹዋውን አሳየችኝ። "ሙሉ ጉርሻ" አለች። "አሥራ ሰባት ዓመት አሸተትኩት።"

መንደሩ በሙሉ እጄን ያያል። ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን፣ "ቅቤ ተከልክላለች" ብላ የጮኸችውን ሴት ሁሉም ያስታውሳል። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ። ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩ፤ ቅቤው ውስጥ ነከርኩት፤ ክንዴ ላይ ወረደ። አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አላመጠች፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ዋጠችና ዓይኗን ገለጠች።

"ጨው አንሶታል" አለች።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ "ብሉ!" አለች።